የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያረጀ የጭነት መኪና መሪ ሲላላ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ሲሆኑ፣ አራቱም ብዙ ዓመት ባገለገለ የጭነት መኪና ላይ ስለሚታይ የመሪ ልቅነትና ስለ ማስለወጡ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ለሌሎቹም መሠረት ስለሚሆን ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን፤ ለቀሩት የሚያስፈልጋቸውን ያህል እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ አይሱዙ ኤን ፒ አር አለኝ። ከሀረማያ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ወደ ድሬዳዋ አወርዳለሁ፤ ስመለስ ሲሚንቶ እጭናለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ መሪው ላልቶ፣ መኪናውን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ለመያዝ እንኳ ሳላቋርጥ ማስተካከል ግድ ሆኖብኛል፤ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ፊቱ ወዲህና ወዲያ ይላል። ጋራዥ ወስጄው መካኒኩ የመሪውን ሳጥን ብሎን አጠበቀና «አብሽር፣ አለቀ» ብሎ ሸኘኝ። ጥቂት ቀን ደህና መስሎ ነበር፤ አሁን ግን ልቅነቱ ተመልሷል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። ሳጥኑን ልቀይረው ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?
ባለንብረትና ሹፌር፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሳጥኑን ለመቀየር አይቸኩሉ። ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው መካኒኩ ሥራውን የጀመረው መጨረሻ ላይ ሊነካ ከሚገባው ቦታ ነው። በእጅዎ ከያዙት መሪ እስከ ጎማው ድረስ ብዙ መገጣጠሚያ አለ። መሪው በዘንጉና በዘንጉ ላይ ባሉት መተጣጠፊያዎች (ጆይንቶች) በኩል ሳጥኑን ያዞራል፤ ሳጥኑ ፒትማን አርም የሚባለውን አጭር ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዱ ድራግ ሊንክ በሚባል ዘንግ የግራውን ጎማ ይገፋል ወይም ይስባል፤ የግራው ጎማ ሁለቱን በሚያገናኘው፣ ታይሮድ በሚባለው ዘንግ የቀኙን ይዞ ይዞራል፤ ሁለቱም ጎማዎች የሚዞሩት ደግሞ ኪንግ ፒን በሚባል፣ በአክስሉ ጫፍ በቆመ ብረት ላይ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ፣ ሁሉም ተደማምሮ መሪው ላይ ሲደርስ የአራት ጣት ስፋት ያህል ባዶ መዞር ይሆናል። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ላይ «የላላው የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «የትኞቹ ናቸው፣ እያንዳንዱስ ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የሳጥኑ ብሎን ለምን እንዳልጠቀመዎ እናስረዳ። በእርስዎ መኪና ዓይነት ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም በጣም እንዲቀራረቡ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን ትንሽ ክፍተት እንዲኖራቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሚበላው መካከሉ ነው። ከላይ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ጥርሶቹ ይቀራረባሉ፤ ልቅነቱ የመጣው ከታይሮድ ጫፍ ወይም ከኪንግ ፒን ከሆነ ግን ሳጥኑ ያለ ጥፋቱ ይጨነቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም በእውነት ይበላል። ታጥፎ የማይመለስ መሪ ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ከልክ በላይ መጥበቁን ያሳያል፤ እንደ ደንገጎ ባለ ተከታታይ መጠምዘዣ ላይ ደግሞ ከመላላቱ ይልቅ አለመመለሱ የበለጠ ያስፈራል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ መርምረው እስኪጨርሱ ድረስ ብሎኑ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ያድርጉ።

ምርመራውን ከመጀመርዎ በፊት የጎማዎቹን ንፋስ በልኩ ያስሞሉ፤ ንፋሱ ያነሰ የፊት ጎማ መሪው የላላ ያህል መኪናውን ያንሳፍፈዋልና። መኪናውን ባዶውን በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ያድርጉ፤ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ መሪው ኃይል አጋዥ ያለው ከሆነ ሞተሩ ይነሣ። ከዚያም የመሪው ጠርዝ ላይ ምልክት አድርገው፣ ማስመሪያ ከጎኑ ይዘው፣ ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ መሪውን በዝግታ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ያዙሩና በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የአሜሪካ የንግድ ተሽከርካሪዎች ደንብ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ መሪ የሚፈቅደው ባዶ መዞር ኃይል አጋዥ ከሌለው 57 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ኃይል አጋዥ ካለው ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ግን መኪናው ከመንገድ የሚታገድበት ወሰን እንጂ የጤነኛ መሪ ልክ አይደለም፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና እዚያ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው አለ ብለን አናምንም።

ዋናው ምርመራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ መሣሪያ ግን ከባትሪ መብራት በቀር አይጠይቅም። ረዳትዎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ሳያቋርጥ በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያላውሰው፤ ብዙ ማዞር አያስፈልግም፣ ባዶውን መዞር አልፎ ጎማውን በትንሹ እስኪገፋ ብቻ ይበቃል። እርስዎ ደግሞ ከላይ ጀምረው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በዓይንዎ ይከተሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ገፊው ሲንቀሳቀስ ተገፊው አብሮት ወዲያው ይንቀሳቀሳል ወይስ ይዘገያል? የመሪው ዘንግ ዞሮ ከጆይንቱ በታች ያለው ክፍል ከዘገየ ጆይንቱ ተበልቷል፤ ጋቢናው ብዙ ጊዜ በሚነሣና በሚወርድ መኪና ይህ ጆይንትና የዘንጉ ጥርስ መበላታቸው የተለመደ ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ዞሮ ፒትማን አርም ከዘገየ፣ ያን ጊዜ ብቻ ሳጥኑን ይጠርጥሩ። ፒትማን አርም ተንቀሳቅሶ ድራግ ሊንኩ ከዘገየ በመካከላቸው ያለው ኳስ ተበልቷል። እንዲህ እያሉ እስከ ቀኙ ጎማ ድረስ ይዝለቁ፤ ዓይን ያልለየውን ደግሞ እጅ ይለየዋልና መዳፍዎን በመገጣጠሚያው ላይ አሳርፈው ትርታውን ያዳምጡ።

በዚሁ ጊዜ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ቦታ ሳያዩ አይለፉ። የማሰሪያ ብሎኖቹ ላልተው ሳጥኑ በሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲል ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው የዝገት ዱቄት በብሎኑ ራስ ዙሪያ ከታየ ማስረጃው እሱ ነው። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው የሻንሲው ብረት በብሎኖቹ ቀዳዳ አጠገብ መሰንጠቁን ይመልከቱ። ከሚፈቀደው በላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሻንሲ እዚህ ቦታ ላይ እንደሚሰነጠቅ ማንም የድሬዳዋ ብየዳ ሠራተኛ ይነግርዎታል።

የታይሮድንና የድራግ ሊንክን ጫፎች አንድ በአንድ በእጅዎ ጨብጠው ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉ። ፒንሳ ወይም የብረት መፈንቀያ አይጠቀሙ፤ በመፈንቀያ ከተገፋ አዲሱም ሊነቃነቅ ይችላልና ውጤቱ ያሳስታል። በእጅ ብቻ ተገፍቶ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚነቃነቅ ጫፍ ያለ ክርክር መቀየር አለበት። የላስቲክ ቆቡ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ገና ባይላላም ጊዜው ደርሷል፤ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ አሸዋ የሚጭን መኪና ቆቡ በተቀደደ ማግሥት ኳሱ በአሸዋ መፈጨት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሞላ ግራሶ አሸዋውን ከማላቆጥ በቀር አይጠቅምም።

ወደ ኪንግ ፒን እንምጣ፤ ስለ ፍሬንና ስለ ቁልቁለቱ የጻፉት ይበልጥ ወደዚህ ያመለክታልና። አክስሉን በክሪክ አንሥተው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያነቃንቁት። ከተነቃነቀ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ኪንግ ፒኑ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ረዳትዎ የእግር ፍሬኑን ጨብጦ ይያዝ፣ እርስዎም እንደገና ያነቃንቁ። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃዋል። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ኪንግ ፒኑና ፒኑ የሚገባበት ቀለበት (ቡሹ) ናቸው። 16 ኢንች ቸርኬ ባላቸው መኪናዎች ላይ በጎማው ጠርዝ ሲለካ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሄድ ንቅናቄ መኪናውን ከመንገድ ማውጣት ያለበት ነው። ቀጥሎ በጎማው ሥር ረጅም ብረት አስገብተው ወደ ላይ ያንሡት፤ ጎማውን ተሸክሞ የሚዞረው ብረት በአክስሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ፣ የጭነቱን ክብደት የሚሸከመው ጠፍጣፋ ኩሽኔታ አልቋል ወይም የክፍተቱ ሮንዴላ ጎድሏል ማለት ነው።

ከመሪው ዕቃ ውጭ ያለ አንድ ጥፋት ብዙ ሰው ያሳስታል። የባሌስትራው ፒንና ቡሽ ከተበላ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቅንፍ መሳይ ብሎኖች ከላሉ፣ አክስሉ ራሱ ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ፣ ሲለቀቅ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ድራግ ሊንኩ ግን ባለበት ስለሚቆይ መሪውን ሳይነኩት ጎማው ይታጠፋል። ረዳትዎ ፍሬን ይዞ መኪናውን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲያንቀሳቅስ አድርገው፣ እርስዎ ከጎን ራቅ ብለው ቆመው ባሌስትራውን ይመልከቱ። ፍሬኑም ቢሆን በአንዱ ጎማ ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል፤ ሆኖም የፍሬን ጥፋት መኪናውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል እንጂ እንደ እርስዎ መኪና ወዲህም ወዲያም አያደርገውም።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ፣ በእኛ አስተያየት፣ እንዲህ መሆን አለበት። ከሁሉ በፊት ቢላቀቅ መኪናውን መሪ አልባ የሚያደርገው ይቀየር፤ ይኸውም የድራግ ሊንክና የታይሮድ ጫፎች ናቸው። ኪንግ ፒንና ቡሽ በሁለቱም ጎማ በአንድ ላይ ቀጥለው ይሠሩ። የባሌስትራ ፒን ሦስተኛ ይሁን። ይህ ሁሉ አልቆ አሁንም መካከሉ ላይ ልቅነት ከቀረ፣ ድራግ ሊንኩ ከፒትማን አርም ተፈትቶ፣ ጎማው ቀጥ ባለበት ቦታ፣ የሳጥኑ ብሎን በጥቂቱ እየተሞከረ ይስተካከል፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር የትም ቦታ መክበድ የለበትም።

ጥያቄ፦ እኔ ከሐረር እስከ ባቢሌ እየተመላለስኩ ለውዝ የምጭን ነኝ። ኪንግ ፒን አስቀይሬ ገና ዓመት ሳይሞላ ጎማዎቹ እንደገና መነቃነቅ ጀመሩ። ፒኑንም ቡሹንም ያሠራሁት ቶርኖ ቤት ነው፤ ዋጋው ከኦርጅናሉ በብዙ ያንስ ነበር። ጥፋቱ የቶርኖው ነው ወይስ የገጣሚው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐረር

መልስ፦ ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ለያይተን እንመልከተው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰላት ጀምሮ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ አጠገብ ባደገችው ድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው ቶርኖ ሠራተኞች መኖራቸውን አንክድም፤ ከነሐስ የተጠረበ ቡሽ በጥሩ እጅ ከተሠራም ሱቅ ካለው ብዙ ርካሽ ቡሽ ይበልጣል። ፒኑ ግን ሌላ ነው። የፋብሪካ ኪንግ ፒን ላዩ በሙቀት ሕክምና እንዲጠነክር፣ ውስጡ ግን እንዳይሰበር ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ከጠነከረ በኋላ በድንጋይ ሞርድ ተሞርዶ ልኩን ይይዛል። ቶርኖ ላይ ከተራ ብረት የተጠረበ ፒን ይህ ሁሉ የለውም፤ መጀመሪያ ሲገጠም ልኩ ቢሆንም ቶሎ ይበላል፤ ሳይጠነቀቁ ሊያጠነክሩት ከሞከሩ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ቡሹን ቢያሠሩ አንቃወምም፣ ፒኑን ግን ይግዙ። ስለት ባለው የብረት ሞረድ (ፋይል) የድሮውን ፒን ጫፍ በጥቂቱ ይሞክሩት፤ ፋይሉ ሳይነክሰው ላዩን ተንሸራትቶ ካለፈ ጠንካራ ነው፤ ብረቱን እየላጠ ከሄደ መልስዎን አግኝተዋል።

የገጣሚውን ሥራ በተመለከተ በብዛት የምናያቸው ጥፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ሁለቱ ቡሾች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ ለየብቻ መስተካከላቸው ነው። ቡሽ ተጭኖ ሲገባ ስለሚጠብ ከገባ በኋላ ቀዳዳው በሪመር (ቀዳዳን ልክ በሚያደርግ መቁረጫ) መስተካከል አለበት፤ ሪመሩም ረጅም ሆኖ አንዱን ቡሽ አቅጣጫ መያዣ አድርጎ ሌላውን የሚቆርጥ መሆን ይኖርበታል፣ አለዚያ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር አይውሉም። በአንድ መስመር ያልዋሉ ቡሾች ፒኑን በጠርዛቸው ብቻ ስለሚይዙት፣ ሲገጠም ጠበቅ ብሎ ደስ ያሰኛል፤ ጠርዙ ተበልቶ ሲያልቅ ግን በድንገት ይላላል። በሸራ ወረቀት ጠቅልሎ ቀዳዳውን በእጅ መፈግፈግ ይህን አይተካውም።

ሁለተኛው ጥፋት የግራሶው ቀዳዳ ነው። በቡሹ ላይ ያለው ቀዳዳ ግራሶ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር ካልተገጣጠመ ከላይ የተጋተው ግራሶ ሁሉ ፒኑ ዘንድ አይደርስም፤ ይህን ለማረጋገጥ ፒኑ ከመግባቱ በፊት በግራሶ መግቢያው ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማለፉን ማየት ይበቃል። ቶርኖ ላይ በተሠራ ቡሽ ደግሞ ግራሶውን የሚያሰራጨው ቦይ ጨርሶ ሲረሳ አይተናል። ሦስተኛው፣ ፒኑን በአክስሉ ውስጥ የሚቆልፈው ሾጣጣ ቁልፍ ነው፤ እሱ ከላላ ፒኑ አክስሉ ውስጥ እየዞረ የአክስሉን ቀዳዳ ራሱን ያሰፋል፣ ያን ጊዜ ወጪው የፒን ሳይሆን የአክስል ይሆናል። አዲስ ፒን ከገባ በኋላ መኪናው ጭነት ይዞ ጥቂት ከሄደ ወዲያ ይህን ቁልፍ እንደገና መትቶ፣ ዳዶውን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የተነከሰ ፒን ለማውጣት እሳት እንዲነድበት አይፍቀዱ። አክስሉና ጎማ ተሸካሚው ብረት ጥንካሬያቸውን ያገኙት በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው፤ የኦክሲጅን ነበልባል ያን ጥንካሬ በጥቂት ደቂቃ ያበላሸዋል፤ ጉዳቱም በዓይን አይታይም። ፕሬስ ያለበት ጋራዥ መሄድ፣ ወይም ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስሶ አንድ ሌሊት ማሳደር ይሻላል። ጠፍጣፋው ኩሽኔታ ከአክስሉ ሥር፣ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ መግባቱን፣ ክፍተቱን የሚያስተካክለው ሮንዴላ ደግሞ ከአክስሉ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቦታቸው ሲቀያየር እናገኛለን።

ስለ ግራሶ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ኪንግ ፒን ሲቀባ አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በአየር ላይ መሆን አለበት፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ክብደቱ የተጫነበት ወገን ግራሶ አያስገባም። አዲስ ግራሶ ከላይም ከታችም ብቅ እስኪል ይጋት፤ ቁጥር 2 የሚባለው የሊቲየም ግራሶ ለባቢሌ ሙቀትም ለሐረር ብርድም ይሆናል። ጠጠርና አቧራ ለሚበዛበት ሥራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀባ ብዙ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ጋራዥ የታይሮዱን ሁለቱንም ጫፎች አስቀየርኩ። ልቅነቱ ጠፍቷል፣ ነገር ግን የፊት ጎማዎቼ ከውጭ ጠርዛቸው በፍጥነት እየተበሉ ነው፤ መሪውም ቀጥ ስሄድ ትንሽ ዘሞ ይቆማል። ጎሚስታው «ጎማው ነው መጥፎ» ይለኛል።
ሹፌር፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ጎማው አይደለም። አዲሶቹ ጫፎች እንደ አሮጌዎቹ በእኩል ጥርስ ስላልገቡ የታይሮዱ ርዝመት ተለውጧል፤ ሁለቱም ጎማዎች ከውጭ ጠርዛቸው ሲበሉ ደግሞ ፊታቸው ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በመዳፍዎ የጎማውን ጥርስ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ያብሱት፤ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ።

የማስተካከያ ማሽን ባይገኝም በቤት የሚሠራ ልኬት አለ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው እያሽከረከሩ በእያንዳንዱ ጎማ መካከል ላይ በምስማር ቀጭን መስመር ያስምሩ፤ መኪናውን አውርደው ጥቂት ወደ ፊት ያንከባልሉት፣ ባሌስትራው ቦታውን እንዲይዝ። ከዚያ በጎማው እምብርት ቁመት ላይ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት በኩል አንድ ጊዜ፣ ከኋላ በኩል አንድ ጊዜ ይለኩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀላል የጭነት መኪና የፊተኛው ርቀት ከኋለኛው ጋር እኩል ከመሆን እስከ 3 ሚሊ ሜትር እስከ ማነስ ድረስ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለ ግን እሱን ይከተሉ። የታይሮዱ አንዱ ጫፍ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ጥርስ ስላለው ጫፎቹን ሳይነቅሉ ማሰሪያዎቹን አላልተው ዘንጉን ራሱን በማዞር ያስተካክሉታል። የዘመመውን መሪ ለማቃናት መሪውን ከዘንጉ መንቀል ስሕተት ነው፤ ሳጥኑ መካከሉን ይስታልና። ድራግ ሊንኩ የሚስተካከል ከሆነ በእሱ ያቃኑት።

እግረ መንገድዎን ገጣሚው የሠራውን ይፈትሹ። የጫፉ ሾጣጣ ክፍልና የሚገባበት ቀዳዳ ደርቀውና ጸድተው መገናኘት ነበረባቸው፤ እዚያ ግራሶ አይቀባም። ዳዶው በልኩ ከጠበቀ በኋላ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ መሰል ፒን) ቀዳዳ ከዳዶው ስንጥቅ ጋር ካልተገጣጠመ እስከሚቀጥለው ስንጥቅ ማጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ ማላላት አይፈቀድም። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፤ በእሱ ምትክ የታጠፈ ሚስማር ወይም የአጥር ሽቦ ካዩ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ያስቀይሩት። የዘንጉ ማሰሪያ ብሎኖችም ጎማው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ከአክስሉ ጋር የማይነካኩ መሆናቸውን ይዩ። ይህን ሲያደርጉ ኃይል አጋዡን መሪ በመጨረሻው ጥግ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይያዙት፤ ፓምፑ ይግላል።

ጥያቄ፦ ደቻቱ ውስጥ አሸዋ ልጭን ስገባ ድራግ ሊንኩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተጎበጠ። በእሳት አግሎ ሊያቃናልኝ የተስማማ ባለሙያ አለ፤ ጫፉንም በብየዳ አጥብቄ እሰጥሃለሁ ይላል። ይቻላል?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አይቻልም፤ ብየዳውም እሳቱም። የጎበጠ ድራግ ሊንክ ሲቃና ብረቱ በጎበጠበት ቦታ ይደክማል፤ እሳት ከተጨመረበት ደግሞ ያ ቦታ የሚሰበርበትን ቀን ማንም አያውቅም። ተበልቶ የላላን የኳስ ጫፍ ከውጭ በብየዳ ማጥበቅም ኳሱን ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ ውስጡ ያለውን መቀመጫ ያቃጥለዋል። አዲሱ ከውጭ እስኪመጣ ብዙ የሚያስጠብቅ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስመጣት ይቻላል፤ ሲቀበሉት ግን ዘንጉን ጠፍጣፋ የብረት ጠረጴዛ ላይ አንከባለው ቀጥ ማለቱን ይዩ፤ ቀለም ከተቀባ ቀለሙን ጠርገው የብየዳና የእሳት ምልክት ይፈልጉ፤ ኳሱን በእጅዎ ሲያዞሩት ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊከብድ ይገባዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ቀለል ብሎ ሌላ ቦታ ላይ የሚነክስ ከሆነ ይመልሱት። ሾጣጣውን ክፍል በእርሳስ ጥቁር ቀብተው ፒትማን አርሙ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው በጥቂቱ ያዙሩት፤ ጥቁሩ ዙሪያውን ሁሉ እኩል ከተነካ ልኩ ነው፤ በጠርዝ ብቻ ከተነካ ግን ለሌላ መኪና የተሠራ ነውና ዳዶውን አጥብቀው ሊያስማሙት አይሞክሩ።